የዓለም ባትሪ በኮንጎ ማዕድን ይሠራል፤ ኮንጎ ግን መብራት የላትም

አሁን በያዛችሁት ስልክ ባትሪ ውስጥ ኮባልት የሚባል ማዕድን ሊኖር ይችላል። ካለ ደግሞ ከዴሞክራቲክ ኮንጎ የመጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በዓለም ከሚመረተው ኮባልት ከ70 በመቶ በላዩ የሚወጣው እዚያ ነውና። በዚያችው አገር ግን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ብቻ ነው። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ማለት ይሄ ነው። እንዴት እንዲህ ሆነ? በአጭሩ እንያው።

▪️ ማዕድኑ የት ነው?
ኮባልቱና መዳቡ ያለው በደቡብ ምሥራቅ፣ በቀድሞዋ ካታንጋ፣ በኮልዌዚና በሉቡምባሺ ዙሪያ ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች በማሽን ያወጡታል። ከጎናቸው ደግሞ ብዙ ሺህ ሰዎች በዶማና በአካፋ ይቆፍራሉ፤ ሕፃናትም አሉበት።

▪️ ኃይሉስ?
የኮንጎ ወንዝ የምድር ወገብን ሁለት ጊዜ ያቋርጣል። በአንዱ ወገን በጋ ሲሆን በሌላው ስለሚዘንብ ውሃው ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይጎድልም። ከኪንሻሳ ወደ ባሕሩ ወረድ ብሎ ያለው የኢንጋ ፏፏቴ ብቻውን ወደ 40,000 ሜጋ ዋት ማመንጨት እንደሚችል ይገመታል። የእኛ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ነው፤ አስቡት! እስካሁን የተሠሩት ግን እ.ኤ.አ. በ1972 ኢንጋ 1፣ በ1982 ኢንጋ 2 ብቻ ናቸው። ሁለቱ ተደምረው 1,775 ሜጋ ዋት ገደማ ቢሆኑም፣ በጥገና እጦት ለዓመታት ከአቅማቸው በታች ሲሠሩ ኖረዋል።

▪️ መብራቱ ወዴት ይሄዳል?
በሞቡቱ ዘመን ከኢንጋ እስከ ኮልዌዚ 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ መስመር ተዘረጋ። የታሰበው ለማዕድን ማውጫዎቹ ነበር። መስመሩ ዲሲ በሚባለው ቀጥተኛ ጅረት ስለሚሠራ፣ መንገድ ላይ ላለ መንደር ቀንሶ ለመስጠት ውድ ጣቢያ መትከል ይጠይቃል። ስለዚህ ሽቦው በላያቸው አልፎ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያሉት በከሰልና በእንጨት ያበስላሉ። ማዕድን ማውጫዎቹም አልበቃቸውም። ከዛምቢያ ኃይል ይገዛሉ፣ የጎደለውን በናፍጣ ጄኔሬተር ይሞላሉ።

▪️ ታዲያ ምን ያጣሉ?
ማዕድን አጣርቶ ባትሪ ለመሥራት የማይቆራረጥ ኃይል ያስፈልጋል። ኃይል ከሌለ ጥሬውን መሸጥ ነው። የኮንጎ ኮባልትም በአብዛኛው በከፊል ብቻ ተጣርቶ ወደ ቻይና ይጫናል፤ ፋብሪካውም፣ ሥራውም፣ ዋናው ትርፍም እዚያ ይቀራል።

እ.ኤ.አ. በ2025 መንግሥት የኮባልት ኤክስፖርትን ለወራት አግዶ ከቆየ በኋላ ኮታ አወጣ። ይሄ ዋጋ ያስነሳ ይሆናል፤ መብራት ግን አያመጣም። በዚያው ዓመት የዓለም ባንክ ለኢንጋ 3 ዝግጅትና ለአካባቢው ልማት 250 ሚሊዮን ዶላር አጽድቋል።

ግድብ መገንባት አንድ ነገር ነው፣ ሽቦው የማን ቤት ይደርሳል የሚለው ሌላ። እኛም አገር ሕዳሴ ተመርቆ፣ መብራት ያልገባላቸው ሚሊዮኖች አሉ። አዲስ መስመር ሲዘረጋ ቅድሚያ ማግኘት ያለበት ማን ነው ትላላችሁ፤ ፋብሪካው ወይስ መንደሩ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን።