የአጥቢያ ደቦና የጃንጥላ ገንዘብ፤ ከሣር ክዳን እስከ ቆርቆሮ

በአገራችን ስለ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ያሠራው ንጉሥ ወይም መኰንን ስም ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ የቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ፥ የጎንደር ቍስቋም የእቴጌ ምንትዋብ፥ እንጦጦ ማርያም የዐፄ ምኒልክ ሥራ ናቸው ይባላል። ይህ አነጋገር ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ድንጋዩን ማን እንደ ተሸከመ፥ ውሃውን በእንስራ ማን እንዳመላለሰ፥ የክዳኑን ሣር ማን እንዳጨደ አይነግረንም። ከታላላቆቹ አድባራት ውጭ ያሉት እጅግ ብዙ የገጠር አጥቢያዎች ደግሞ የሚጠሩት ንጉሥ የላቸውም፤ የሠራቸውም የሚያድሳቸውም የአካባቢው ሕዝብ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው አንድ አጥቢያ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል በአንድ ቀን ወጥቶ ለቤተ ክርስቲያኑ የሚሠራበትንና ገንዘብ የሚያዋጣበትን ልማድ ይሆናል። የምንጠይቀውም ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ በጕልበት ይሰጥ የነበረው እንዴት ወደ ገንዘብ ተለወጠ? ሁለተኛው፥ ይህ ሥራ በፈቃድ ነበርን ወይስ በግዴታ?

በመጀመሪያ ስሞቹን መለየት ያስፈልጋል። ወንፈል ብድር ነው፤ ዛሬ የአንዱን እርሻ ያረሱ ሰዎች ነገ በተራ የሌላውን ያርሳሉ፤ ያልመለሰ እንደ ባለዕዳ ይቈጠራል። ደቦ ግን ባለሥራው ጎረቤቶቹን ጠርቶ፥ አብልቶና አጠጥቶ በአንድ ቀን የሚያሠራው ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥራ በመልኩ ደቦ ይመስላል፤ ሆኖም ጠሪው አንድ ሰው አይደለም፥ ድግሱም ከአንድ ቤት አይወጣም። ሠሪውም ጋባዡም ያው አጥቢያው ራሱ ነው። ብድሩን የሚከፍል ሰው ስለሌለ ሠራተኛው ዋጋውን ከእግዚአብሔር ይጠብቃል። በዚህ ምክንያት ከእርሻ ደቦ የሚለይ የራሱ ሥርዓት አለው።

ይህ ሥርዓት እንደሚከተለው ነበር። ቀኑ የሚመረጠው አዝመራ ተሰብስቦ ሰው ፋታ ባገኘበት በበጋ ሲሆን፥ ነገሩን ቄሰ ገበዙ ወይም አለቃው ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ያስታውቃል። በብዙ አጥቢያ በበዓል ቀን ማረስና ማጨድ የተከለከለ ቢሆንም ለቤተ ክርስቲያን ድንጋይ መሸከም እንደ ጽድቅ እንጂ በዓል እንደ መሻር አይቈጠርም ነበር። ሥራው በዕድሜና በጾታ ይከፈላል። ጕልማሶች ግንድ ይቈርጣሉ፥ ድንጋይ ይፈነቅላሉ፥ ማገር ይማግራሉ። ሴቶች ውሃ ይቀዳሉ፥ ጭድ ያመጣሉ፥ ጠላና ዳቦ፥ ቆሎና ንፍሮ ያዘጋጃሉ። ልጆች ከሚችሉት መጠን ትንንሽ ድንጋይ እያነሡ ይሰለፋሉ፤ ጭቃውንም በእግራቸው ይረግጣሉ። ሽማግሌዎችም ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ልጥ ይልጣሉ፥ ገመድ ይገምዳሉ፥ ያለፈው እድሳት እንዴት እንደ ተሠራ ይናገራሉ። እድሳቱ መቅደሱን የሚነካ ከሆነ ታቦቱ አስቀድሞ ወደ መቃኞ ይዛወራል።

ሁሉንም ሰው ለሥራ ያበቃው ዋናው ነገር ክዳኑ ነው ብንል አናጋንንም። ክቡ ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ በሦስት የተከፈለ ሲሆን ሁሉንም የሚሸፍነው አንድ ሰፊ የሣር ክዳን ነበር። ሣር ይበሰብሳል፥ ያፈሳል፥ እሳትም በቶሎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ነበረበት። ይህ ድካም ቢሆንም አንድ ትልቅ ጥቅም ነበረው። ሣር የሌለው ሰው የለም። ባለጠጋውም ሸክም ያመጣል፥ ድኻውም ሸክም ያመጣል፤ ክዳኑ ላይ ከወጣ በኋላ የማን እንደ ሆነ አይለይም። በአሥር ዓመቱ ውሃ ያመላለሰ ልጅ በሃያ ዓመቱ ጣሪያ ላይ ይወጣል፥ በስድሳ ዓመቱ ከዛፉ ሥር ተቀምጦ ያዛል። እንግዲህ የክዳኑ መበስበስ ትውልድን ከትውልድ የሚያገናኝ ትምህርት ቤት ነበር ማለት ነው።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ቆርቆሮ ነው። የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፥ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ወደ መካከለኛው አገር መግባት ቀለለው። ቆርቆሮ አስቀድሞ በከተማ፥ ቀጥሎ በመንገድ ዳር፥ ኋላም በሩቅ ገጠር የቤተ ክርስቲያን ክዳን ሆነ። በ1928 ዓ.ም. በተጀመረው የጠላት ወረራ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ስለ ተቃጠሉ፥ ከ1933 ዓ.ም. ነፃነት በኋላ እንደ ገና ሲሠሩ የሚችሉት አጥቢያዎች ቆርቆሮን መረጡ። ቆርቆሮ እሳት አይፈራም፥ ለብዙ ዓመትም ይቈያል። ነገር ግን ከመስክ አይታጨድም፤ በገንዘብ ይገዛል። ምስማሩም እንደዚሁ ነው፥ የሚመታውም ደመወዝ የሚከፈለው አናጢ ነው። እንግዲህ አጥቢያው ካለው ጕልበት ይልቅ የሌለውን ብር መፈለግ ግድ ሆነበት።

ገንዘብ የመሰብሰቡ ልማድ ግን ከቆርቆሮ ጋር የመጣ አዲስ ነገር አይደለም። ለመገበሪያ ስንዴ፥ ለዘቢብ፥ ለዕጣንና ለጧፍ ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ይሰጥ ነበር። በዓመት በዓል ጃንጥላ ይዘረጋል፤ ምእመናን ብርም ቢሆን፥ አሞሌም ቢሆን፥ ሴቶችም ከጣታቸው ያወለቁትን ቀለበት በዚያ ላይ ይጥላሉ። ስለት የገባ በሬውን ወይም በጉን ያመጣል፤ እርሱም በጨረታ ተሸጦ ዋጋው ለቤተ ክርስቲያን ይገባል። አንዳንዱም በጨረታ አሸንፎ የገዛውን ጃንጥላ ወይም ሥዕል እዚያው መልሶ ይሰጣል። አዲሱ ነገር የመጠኑ ነው። ቀድሞ የጃንጥላው ገንዘብ ለጧፍና ለዕጣን ሲሆን ሕንፃው በጕልበት ይቆም ነበር፤ ኋላ ግን ሕንፃው ራሱ በጃንጥላው ላይ ተደገፈ።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። ይህ ሁሉ በፈቃድ ነበርን? መልሱ እንደ ቦታው ይለያያል። ባለርስቶች በራሳቸው አጥቢያ የሚሠሩት ሥራ ከእምነትና ከጎረቤት አስተያየት የመነጨ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የቀረ ሰው ቢታማ እንጂ አይታሰርም። ነገር ግን መሬቱ የቤተ ክርስቲያን ጕልት በሆነበት አገር ገባሩ ግብር ከመክፈል ሌላ አጥር የማጠርና ቤት የመሥራት ግዴታ ነበረበት። በእነዚህ ቦታዎች ቀኑን የሚያስታውቀው ቄሱ ቢሆንም ከኋላው ጭቃ ሹሙ ቆሟል። ከሩቅ ለሚያየው ሰው ሁለቱም አንድ ዓይነት ሰልፍ፥ አንድ ዓይነት ዜማ ነው። የታሪክ ተማሪ ግን ሊለያቸው ይገባል፤ አለዚያ ግዴታውን ሁሉ በጎ ፈቃድ እያልን የገባሩን ድካም እንሸፍናለን፥ ወይም በጎ ፈቃዱን ሁሉ ጭቈና እያልን የሕዝቡን እምነት እናቃልላለን።

ቤተ ክርስቲያን በምን ትተዳደር የሚለው ጥያቄ መንግሥትንም ያስጨነቀ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ (1847–1860 ዓ.ም.) ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃዋል፥ ለእነርሱ ከሚበቃው የተረፈው መሬት ግብር ለሚከፍለው ገበሬ ይሰጥ ባሉ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ብርቱ ጠብ ውስጥ ገቡ። እርሳቸው ያልፈጸሙት ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በሌላ መንገድ ተፈጸመ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት፥ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው ደግሞ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥትና የሕዝብ ሲያደርግ ቤተ ክርስቲያን የመሬቷንና የኪራይ ቤቶቿን ገቢ አጣች። በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ጊዜ፥ በ1965 ዓ.ም. የወጣው ቃለ ዓዋዲ ከካህናት፥ ከምእመናንና ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተውጣጣ ሰበካ ጉባኤ እንዲቋቋም አስቀድሞ ባይደነግግ ኖሮ ብዙ አጥቢያዎች በምን ይቆሙ እንደ ነበር መገመት ያስቸግራል። ከዚያ ወዲህ ያለ ጕልት የቀረው አጥቢያ የሚኖረው በአባላቱ አስተዋጽኦ ነው። ጭቃ ሹሙም ጕልቱም ከሄዱ በኋላ ሕዝቡ መስጠቱን አለመተዉ፥ ከግዴታው በታች እውነተኛ ፈቃድ እንደ ነበረ ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ ይመስለናል።

ይኸው ልማድ ባሕርም ተሻግሯል። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ ወዲህ በዋሽንግተን፥ በሎስ አንጀለስና በሌሎችም ከተሞች የተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ምእመናን በኪራይ አዳራሽ ጀምረው በመዋጮ የራሳቸውን ሕንፃ ገዝተዋል። በዚያ የሚታጨድ ሣር የለም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ቀን ቀለም የሚቀባ ጕልማሳ፥ እንጀራና ወጥ ለሽያጭ የምታዘጋጅ እናት፥ ወንበር የሚደረድር ልጅ አለ። ከአገር ቤቱ ሥራ ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ተረቱ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ሎሚው ብር በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ሰው እኩል አንዳንድ መያዝ አይችልም። በጨረታ ቀን ስሙ በድምፅ ማጕያ የሚጠራው ብዙ የሰጠው ነው፤ አንድ እንስራ ውሃ የምታመጣ መበለት ግን ውሃው በቧንቧ ከመጣ ወዲህ የምትሰጠው አጥታ ከዳር ትቆማለች። የጕልበቱ ቀን ከጠፋ የሚጠፋው የሥራ ዋጋ ብቻ ሳይሆን ለድኻና ለሕፃን የተጠበቀው ቦታም ጭምር ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን የሚገዛ አጥቢያ ሁሉ ሁሉም ሰው በእጁ የሚሠራበትን አንድ ቀን ቢያቈይ መልካም ነው እንላለን። እኛ ተማሪዎችም ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የአጥቢያችንን ክዳን ማን እንደ ከደነው፥ በምን ቀንና በማን ጥሪ እንደ ተከደነ፥ ከዛፉ ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች ሳያልፉብን ጠይቀን ብንጽፍ፥ የነገሥታቱ ስም ያልሞላውን ገጽ ልንሞላው እንችላለን።