አል-ገዛሊ፦ ከፍልስፍና ክርክር ወደ መንፈሳዊ ልምድ

አቡ ሐሚድ አል-ገዛሊ (1058–1111 እ.ኤ.አ.) ዛሬ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በምትገኘው ጡስ የተወለዱ የእስልምና ሕግና ሥነ መለኮት ሊቅ፣ ኋላም ሱፊ (የእስልምና መንፈሳዊ መንገድ ተከታይ) ናቸው። እውነት በክርክር ይደረስበታል ወይስ በመኖር የሚለውን ጥያቄ የእርሳቸውን ያህል በገዛ ሕይወቱ የፈተነ አሳቢ ጥቂት ነው።

በ1091 በባግዳድ የኒዛሚያ መድረሳ መምህር ሆኑ። የፈላስፋውን የኢብን ሲናን ሥራ ጠንቅቀው አጥንተው «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» በተባለው መጽሐፋቸው ፈላስፎቹን በ20 ጉዳዮች ሞገቱ። ክርክሩ ግን ዕረፍት አልሰጣቸውም። በ1095 አንደበታቸው ተሳሰረ፤ ተማሪዎቻቸው ፊት ተቀምጠው ቃል ማውጣት አቃታቸው፤ እህልም አልወርድ አላቸው። ሐኪሞች ሕመሙ የልብ ነው ብለው ተስፋ ቆረጡ። ለቤተሰባቸው የሚበቃውን አስቀርተው ሀብታቸውን አከፋፈሉ። ወደ መካ እሄዳለሁ ብለው አስወርተው ደማስቆ ገቡ፤ እዚያም በታላቁ መስጊድ ሚናራ ላይ በር ዘግተው ይውሉ ነበር።

«አል-ሙንቂዝ» በተሰኘው ግለ ታሪካቸው በማወቅና በመኖር መካከል ያለውን ልዩነት ሲያስረዱ የታመመ ሐኪምን ያነሳሉ፦ የጤናን ምንነትና መድኃኒቱን ያውቃል፤ ጤና ግን የለውም። ሱፊዎቹ ዘንድ ያገኙትም ከመጻሕፍት ተነቦ የማያልቅ፣ ሰው ራሱ ካልቀመሰው የማይገባ ዕውቀት ነበር።

የአመክንዮ ጠላት ተደርገው መታየታቸው ግን አግባብ አይደለም። የአርስቶትልን ሎጂክ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ እንዲጸና ካደረጉት አንዱ እርሳቸው ናቸው። ከሞቱ በኋላ የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ «ተሃፉት አት-ተሃፉት» በሚለው መጽሐፍ ለፍልስፍና ተሟግቶ መልስ ጻፈ። አል-ገዛሊ ራሳቸው በ1106 በኒሻፑር ወደ ማስተማር ተመልሰዋል።