1924 ዓ.ም. በጃፓንና በኢትዮጵያ

1924 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1931/32) የጃፓን ፖለቲካና ኢኮኖሚ አቅጣጫውን የቀየረበት ዓመት ነው። መስከረም 7 ቀን በቻይና ማንቹሪያ የሰፈረው የጃፓን ጦር ራሱ ያፈነዳውን የባቡር ሐዲድ ሰበብ አድርጎ ወረራ ጀመረ፤ የቶኪዮ መንግሥት ሊያስቆመው አልቻለም። ግንቦት 7 ቀን ወጣት የባሕር ኃይል መኮንኖች ጠቅላይ ሚኒስትር ኢኑካይን በመኖሪያቸው ገደሉ። እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ድረስ የፓርቲ መንግሥት አልተመለሰም።

የገበያው ለውጥ የመጣው በመካከሉ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን ነው። የጃፓን ገንዘብ የን በጥር 1922 ዓ.ም. በቀድሞ ዋጋው ከወርቅ ጋር ታስሮ ነበር፤ ወዲያው የዓለም ቀውስ ደረሰ፣ አሜሪካ የምትገዛው ሐር ዋጋው ወደቀ፣ የሐር ትል አርቢው ገበሬ ተራቆተ። አዲሱ የገንዘብ ሚኒስትር ታካሃሺ ኮሬኪዮ በተሾሙበት ዕለት ወርቅ ከአገር እንዳይወጣ አገዱ። የን ከወርቅ ሲፈታ፣ 50 ዶላር ገደማ ያወጣ የነበረው 100 የን በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 20 ዶላር ወረደ፤ የጃፓን የጥጥ ጨርቅም ለውጭ ገዢ ረክሶ ተወዳዳሪ አጣ።

በዚያ ታኅሣሥ የኢትዮጵያ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ነበሩ። ጃፓን ለኢትዮጵያ አርአያ ነበረች፤ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የጃፓኑን ንጉሠ ነገሥት የሜይጂን ሕገ መንግሥት ተከትለው ነው። ኅሩይ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጻፉ። የእኛ ምሁራን ግን ስለ ጃፓን ሲያወሱ ሜይጂን እንጂ ይህን ዓመት እምብዛም አያነሡም፤ ኅሩይን የተቀበለችው አገር ከሜይጂ ዘመን ርቃ ሄዳ ነበር። በኅዳር 1929 ዓ.ም. ጃፓን ኢጣሊያ ኢትዮጵያን መያዟን ተቀበለች።

ጨርቁ ከዲፕሎማሲው ይልቅ ሩቅ ሄደ። በጅቡቲ ባቡር የገባው የጃፓን አቡጀዲ የአዲስ አበባን ገበያ ያዘ። እንጦጦ ሥር፣ ጉለሌ ውስጥ ባለው ሽሮ ሜዳ አካባቢ የሰፈሩት የዶርዜና የሌላው ጋሞ ሸማኔዎች በዋጋ ሊቋቋሙት የሚችሉት አልነበረም። ሸማውን ያቆየው ጥለቱ ነው፦ ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ እየረገጠ፣ በፋብሪካ ድር መካከል መወርወሪያውን እያሳለፈ የሚያወጣው ጥለት በአቡጀዲ አይገኝም። ለክት የሚለበሰው ነጠላና ቀሚስ በዚህ ተረፈ። አሁን ግን ጥለቱም ከውድድር አልተረፈም፤ ከውጭ የመጣ፣ ጥለቱ በማሽን የታተመበት ልብስ እዚያው ሽሮ ሜዳ ከሸማው ጎን ተሰቅሎ በርካሽ ይሸጣል።