በክፉ ቀን ያልተለቀሰ ኀዘን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የቀደሙት አረጋውያን ዕድሜያቸውን ሲቈጥሩ «ከክፉ ቀን በፊት»፣ «ከክፉ ቀን በኋላ» ይሉ ነበር። ያ ክፉ ቀን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የመታው ረኃብ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ ዝናም ራቀ፤ አንበጣና ተምች ተከተለ። እንደ መንዝ፣ ግሼና መርሐ ቤቴ ላለ ያለ በሬ ለማይታረስ ደጋ፣ የበሬ ሞት የቤተሰብ ሞት ነበር። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ተጽፏል።

ስለ ሆድ ረኃብ ብዙ ተጻፈ፤ ስለ ልብ ግን ጥቂት። የሚቀብር ጠፍቶ ልቅሶ፣ ሠልስትና አርባ የሌለው ሞት መጣ። ሃይማኖቱ የማይፈቅደውን ሥጋ የበላ፣ ልጁን በመንገድ ትቶ የሄደ ሰው ነበረ። የተረፈው ይህን ተሸክሞ ወደ እርሻው ተመለሰ። ከንስሐ አባቱ በቀር ለማን ይናገረዋል? እኔ እንደሚመስለኝ፣ የተዝካርና የሰንበቴ ሥርዓት ከመቋረጡ የባሰ ስብራት አልነበረም፤ ኀዘን መውጫ በር አጥቷልና።

ከ130 ዓመት በኋላም፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነት መዘዞንና ሞላሌን ሲደርስ፣ ብዙዎች ሙታናቸውን በወጉ ሳይሸኙ ሸሹ። ደብረ ብርሃንም ከየአቅጣጫው የተፈናቀሉትን ተቀበለች።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ ጦርነት በደረሰበት አገር ከሚኖሩ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል የአእምሮ ሕመም አለበት። የቀሩት አያዝኑም ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 ለአደጋ ጊዜ የወጣው ዓለም አቀፍ የአእምሮ ጤና መመሪያም፣ ከምግብና ከመጠለያ ጋር የሕዝቡ የቀብርና የሃይማኖት ሥርዓት እንዲመለስ ማገዝን ያዛል። አባቶቻችን ይህን ያለ መመሪያ ያውቁት ነበር ብንል ትዕቢት አይሆንብንም። እንቅልፍ ያጣ፣ ራሱን ሊጎዳ የሚያስብ ሰው ሲገጥመን ግን ብቻውን አንተወው፤ ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። ጠበሉ መድኃኒቱን አያስጥልም።

ነቢዩ ኤልያስ በክትክታ ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን፣ መልአኩ አልገሠጸውም። ሁለት ጊዜ ቀሰቀሰው፤ በራስጌው እንጎቻና ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። በዚያ ምን እንደሚያደርግ የተጠየቀው ከአርባ ቀን መንገድ በኋላ፣ በኮሬብ ተራራ ነው።