ካይሮ በአንድ ቀን ትራንዚት፦ የጀበርቲዎች አሻራ በአል-አዝሀር

ብቻዬን ስጓዝ ካይሮ ላይ የአንድ ቀን ትራንዚት ነበረኝ። ፒራሚዶቹን ለሌላ ጊዜ ትቼ ፋጢሚዮች እ.ኤ.አ. በ970 መገንባት ወደጀመሩት አል-አዝሀር መስጂድ አመራሁ።

በአል-አዝሀር ተማሪዎች እንደየአገራቸው ያድሩበትና ይማሩበት የነበረው ክፍል «ሪዋቅ» ይባል ነበር። ከዘይላና ከአካባቢዋ፣ ከእኛም ምድር ባሕር ተሻግረው ለዒልም የሄዱ ደረሶች «ሪዋቅ አል-ጀበርት» የተሰኘ የራሳቸው ክፍል ነበራቸው።

ታላቁ የታሪክ ጸሐፊ ሸይኽ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ የዘር ሐረጋቸው ከነዚሁ ጀበርቲዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1798 ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር፣ ካይሮ ስታምፅና ወታደሮቹ ፈረሶቻቸውን ይዘው አል-አዝሀር ሲገቡ፣ ያዩትን ለትውልድ ጽፈው አስቀሩ። ወራሪው የራሱን ታሪክ ሲጽፍ የተወረረውን ሕዝብ ቃል ያቆዩት እሳቸው ናቸው።

ቤተሰባቸው ለትውልዶች ካይሮ ቢኖርም ስማቸው ግን «ጀበርቲ» እንደሆነ ቀረ። በካይሮ የምታልፉ ወንድምና እህቶች፣ ጥቂት ሰዓት ካላችሁ አል-አዝሀርን ዘይሩ። አላህ ለቀደሙት ዑለሞቻችን ይዘንላቸው።