ሐይቅ እስጢፋኖስ፦ የገዳሙ ደንና የእግር መንገዶች

ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለ የወንዶች ገዳም፣ ደኑና በውስጡ የሚያልፈው የእግር መንገድ። ስፍራው ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ወደ ሐይቁ ገባ ያለ ልሳነ ምድር ስለሆነ በእግር ይደረሳል። ሴቶች ከበሩ አያልፉም።

የገዳሙን ሥርዓት ያጸኑት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው፤ ዘመኑ የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእርሳቸው ተምረዋል።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዛፍ መቁረጥ ነውር በመሆኑ፣ ዙሪያው ለእርሻ ሲመነጠር ጥዱና ወይራው እዚህ ቀርቷል። መንገዱ ጠባብ ነው። የዛፍ ሥር እንደ ደረጃ ያቋርጠዋል፤ የረገፈ ቅጠል የእርምጃን ድምፅ ይውጣል፤ በግንዶች መካከል ውሃው ብልጭ ይላል። ጎብኚ ቀስ ብሎ ቢሄድ ያተርፋል። በደን ውስጥ ብስክሌት መንዳት ላማረው በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባው እንጦጦ ፓርክ ይሻለዋል፤ የገዳም መንገድ የእግረኛ ነው።

እግር የሚፈትነው ግን በአምባሰል በኩል ያለው የግሸን ደብረ ከርቤ አቀበት ነው። አምባው የመስቀል ቅርጽ አለው፤ ዳርቻው ገደል ነው። መስከረም 21 ቀን ለሚከበረው የማርያም በዓል ምእመናን ስንቃቸውን ተሸክመው፣ ሽማግሌዎች በምርኩዝ፣ ይወጡታል።