የካቶሊክና የቃለ ሕይወት የአስተምህሮ ልዩነት በወላይታ

ይህ በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በወላይታ ሶዶና በዙሪያዋ ጎን ለጎን በሚኖሩት የካቶሊክና የቃለ ሕይወት (ፕሮቴስታንት) አብያተ ክርስቲያናት መካከል፣ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት ብዛት፣ ስለ መገለጥና ስለ መጨረሻው የማስተማር ሥልጣን ያለው ልዩነት ነው።

አካባቢው በ1894 (እ.ኤ.አ.፤ ሁሉም ዓመታት እንዲሁ) በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ 81 መጻሕፍትን የምትቀበለው ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተስፋፋች። ቃለ ሕይወት የመነጨችበት የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽን በ1928 ሶዶ ደረሰ፤ የካቶሊክን እምነት የተከሉት ፈረንሳውያን የካፑቺን መነኮሳት ናቸው። ከሁለቱም ሚስዮኖች በፊት ኢሳ ላሌ የተባለ የአካባቢው ሰባኪ በጋሞና በወላይታ ጦሳን (እግዚአብሔርን) ብቻ አምልኩ ብሎ ሰብኳል፤ መጽሐፍ ግን አልተወም።

ካቶሊክ 73 መጻሕፍትን ትቀበላለች፤ መጽሐፍና ትውፊት አብረው ይሄዳሉ፣ የትርጓሜው ሥልጣንም ከሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጋር የተባበሩት ጳጳሳት ነው። የሶዶን ጳጳስም የሚሾመው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ነው። ቃለ ሕይወት 66 መጻሕፍትን ብቻ የእምነት መለኪያ ታደርጋለች፤ አስተዳደሩ በአጥቢያ ሽማግሌዎች እጅ ነው። ይህ ሥርዓት የጸናው በመከራ ነው፦ ኢትዮጵያን የያዙት ጣሊያኖች በ1937 የሱዳን ኢንቲርየር ሚሽንን ሚስዮናውያን ሲያስወጡ ጥቂት ደርዘን የተጠመቁ አማኞች ብቻ ቀርተው ነበር። ሽማግሌዎቹ በእጃቸው በነበሩት ጥቂት የመጽሐፍ ክፍሎች እያስተማሩና እያጠመቁ ቆዩ፤ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱም አማኞቹ ሺዎች ሆነው ጠበቋቸው።

ካቶሊክም ቃለ ሕይወትም ከሐዋርያት ወዲህ አዲስ ቅዱስ መጽሐፍ አይጠብቁም። በዚህ ነጥብ በ1993 በኢትዮጵያ ዕውቅና ካገኘችው የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን (ሞርሞን) ይለያሉ፤ እርሷ በ1830 የታተመውን መጽሐፈ ሞርሞን ትጨምራለች፣ በሕያው ነቢይም ትመራለች። ሽማግሌዎቹ በጥቂት ክፍሎች ብቻ ያስተምሩበት የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው በወላይትኛ የታተመው በ2002 ነው።